በርበሬውና የዱቤ ደብተሩ

ዛሬ ገበያ አልወጣሁም። የባልትና ዕቃዬን ከቤት ዕቃ ስለይ ዋልኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሽሮው ከልጆቹ ዩኒፎርም አጠገብ፣ በርበሬው አልጋ ሥር ነበር። አንዱን ጆንያ ሳነሳው ከሥሩ እርጥበት ገብቶት ሻግቷል። በጣም አዘንኩ። የሻገተ በርበሬ ለሰው አይሸጥም፤ ጣልኩት። የቀረውን ከመሬት ከፍ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩ። የቆየው ከፊት፣ አዲሱ ከኋላ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ገንዘቡ ነው። የአስቤዛውና የሽሮው ብር አንድ ቦርሳ ውስጥ እየተቀላቀለ ትርፉ በምን ይታወቃል? ማታ በቴሌብር የገባውን አንድ በአንድ ደብተር ላይ ገለበጥኩ። እማዬ እኮ ሁሌ "ጽፈሽ ያዢ ልጄ" ትለኝ ነበር። ዱቤውንም ለብቻው ጻፍኩት። ከነገ ጀምሮ ለራሴም ደሞዝ እቆርጣለሁ።