ከተማ ዳር ጫካ ውስጥ በነጻ ለማደር፦ ድንኳኑ የት ይተከል?

ክፍያ የለም ማለት ፈቃድ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ማደርና እሳት ማንደድ መፈቀዱን አስቀድማችሁ የደኑን ጠባቂዎች ጠይቁ።

ጀንበር ከመጥለቋ ሁለት ሰዓት በፊት ድረሱ። መጀመሪያ ቀና ብላችሁ ዛፉን እዩ፤ የደረቀ ወይም ተሰብሮ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ነፋስ ባይኖርም ሊወድቅ ይችላል። ቀጥሎ መሬቱን። ጎድጎድ ያለ ቦታ ምቹ ይመስላል፤ ግን ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ወደዚያ ይወርዳል፣ ዝናብ ከመጣም ውኃው እዚያው ይተኛል። ትንሽ ከፍ ያለው ይሻላል። ከወንዝም ቢያንስ 60 ሜትር ራቁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከሥር በሚነጠፈው ላስቲክ ነው። ከድንኳኑ ጠርዝ አልፎ ከወጣ በግድግዳው የሚወርደውን ዝናብ ተቀብሎ ከሥራችሁ ያስገባዋል። ስለዚህ ዙሪያውን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ እጠፉት። ጠዋት ድንኳኑ ከውስጥ ረጥቦ ብታገኙት ደግሞ አፈሰሰ ብላችሁ አትደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ የትንፋሻችሁ እርጥበት ነው። ቢበርዳችሁም የላይኛውን መተንፈሻ አትዝጉት።

ውኃ ለአንድ ሰው 4 ሊትር ያህል ከቤት ያዙ። የወንዝ ውኃ ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ከከተማ የሚወርድ ኬሚካልን አያጠፋም።

ለመጸዳጃ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍራችሁ አፈሩን መልሱበት። ወረቀቱን ግን አትቅበሩት፤ አውሬ ቆፍሮ ያወጣዋል። በፌስታል ቋጥራችሁ ይዛችሁት ውጡ።