ጎማው ላይ ያለው ዓመት በማን አቆጣጠር ነው?

በ2012 ዓ.ም. አንድ ሰው ይህን ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ፣ እናቴን ጭኜ ስመለስ ዘንዘልማ ላይ ጎማ ባልፈነዳብኝ ነበር። እኔን የነገረኝ ስላልነበረ እኔ ልንገራችሁ።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሥራዬ ግን ሐሙሲት ነው፤ ትንሽ የእንስሳት መድኃኒት ቤት አለችኝ። በሳምንት አራት ቀን የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ እሄዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። ደርሶ መልሱ ከ60 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በዓመት ወደ 12 ሺህ ኪሎ ሜትር ማለት ነው። መኪናዬ አሮጌ ኮሮላ ናት። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ትቆማለች፤ ሱቄ ፊት ለፊት ጥላ የሚባል ነገር የለም።

ጥር 2012 ላይ አራቱንም ጎማ በአንድ ቀን ቀየርኩ። 11,200 ብር ከፈልኩ። ሻጩ «80 ሺህ ኪሎ ሜትር ጋራንቲ አለው፤ አምስት ዓመት ደግሞ የፋብሪካ» አለኝ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ባለቀለም ወረቀት ሰጠኝ። አላነበብኩትም። አጥፌ መኪናው ኪስ ውስጥ ከተትኩት። በጭንቅላቴ ሂሳቡን ሠራሁ። በዓመት 12 ሺህ ከሆነ፣ ስድስት ዓመት ተኩል ስለ ጎማ አላስብም ብዬ ደስ አለኝ።

አንድ ነገር ግን አውቅ ነበር። ጎማው ጎን ላይ «ዲኦቲ» ከሚለው ቀጥሎ ረጅም ቁጥር አለ። የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተመረተበትን ጊዜ ይናገራሉ። ስለዚህ ከመክፈሌ በፊት ጎንበስ ብዬ አቧራውን በአውራ ጣቴ ጠረግኩ። 3812 ይላል። «12 ማለት የ2012 ነው አይደል?» አልኩት። «አዎ፣ የዘንድሮ ነው» አለኝ። ሻጩ እያወቀ ይሁን ወይም እሱም እንደኔ አንብቦት ዛሬም አልገባኝም። 38ቱን ዝም ብዬ አለፍኩት፤ የፋብሪካ ቁጥር መሰለኝ።

አስገጠምኩ፣ ባላንስ አሠራሁ፣ አላይመንት አስለካሁ። ይሄኛው በግማሽ ቀን አለቀ።

ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ያህል ምንም አልሆነም። ለቦሎ ምርመራ ስወስዳት ሁለቱንም ጊዜ አለፈች። መርማሪው የጎማውን ጥርስ አየ፣ ጥርሱ ጥሩ ነው፣ ቀጥል አለኝ። እኔም ልቤን ሞላሁ።

ሚያዝያ 2014፣ አንድ ከሰዓት፣ 10 ሰዓት ገደማ፣ እናቴን ከሐሙሲት ይዣት ወደ ባሕር ዳር እየመጣሁ ነበር። በማግስቱ የሐኪም ቀጠሮ ነበራት። ሙቀቱ ይጋረፋል። ዘንዘልማ ስንደርስ ከኋላ በቀኝ በኩል ጠፍ ጠፍ የሚል ድምፅ ጀመረ። ድንጋይ የገባበት መሰለኝ። ፍጥነት ልቀንስ ስል ፈነዳ። መኪናዋ ቂጧን ወደ ጎን ወረወረችው። ፍሬኑን እግሬ ሥር እያለ አልረገጥኩትም፤ ያ ብቻ ነው ያተረፈን። መሪውን ሁለት እጄ እስኪያመኝ ይዤ ነዳጁን ለቀቅኩ። ጠርዙ ላይ ቆመች። እናቴ ከኋላ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች። እጇን ስይዘው ይንቀጠቀጥ ነበር። የእኔም ይንቀጠቀጥ ነበር።

ወርጄ ሳየው የጎማው የላይኛው ቆዳ እንዳለ ከሽቦው ተላቆ ወጥቷል። የጭቃ መከላከያውን ገንጥሎታል። ስኮርታው ንፋስ አልነበረውም። አንድ የባጃጅ ሹፌር ቆሞ እናቴን አሳፈረልኝ፤ ብር ስሰጠው አልቀበልም አለ። ፈጣሪ ይስጠው።

የተበጠሰውን ጎማ ይዤ ከተማ ወደማውቃቸው አንድ አዛውንት ጎሚስታ ሄድኩ። አባባ ብዬ ነው የምጠራቸው። ምስማር ወይም ብረት ወግቶት ይሆናል ብዬ ነው ያመጣሁት። እሳቸው ጥርሱን አላዩም። ጎኑን በሁለት እጃቸው ይዘው አጠፉት። ስንጥቁ አፉን ከፈተ። በበጋ የሚሰነጠቀውን የፎገራን ዋልካ መሬት አይታችኋል? ልክ እንደዚያ፣ በደቃቁ፣ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ጎኑን ዞሮታል።

«ልጄ፣ ይሄ ጎማ ጥርሱ አልተበላም። አርጅቷል» አሉኝ።

«አባባ፣ ሁለት ዓመቱ እኮ ነው! የ2012 ጎማ ነው፤ ቁጥሩን አይቼ ነው የገዛሁት።»

መነጽራቸውን አደረጉ። 3812 የሚለውን በጣታቸው ነኩት። ቀና ብለው አዩኝ።

«በማን አቆጣጠር?»

መልስ አልነበረኝም። ጎማ ሠሪው የእኛን መስከረም አያውቅም። 3812 ማለት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ2012 ሠላሳ ስምንተኛ ሳምንት ነው። በእኛ መስከረም 2005። ስገዛው ሰባት ዓመት አልፎታል። መጋዘን ሲቀመጥ ማርጀቱን አላቆመም። ሲፈነዳ ደግሞ አሥረኛ ዓመቱን ይዞ ነበር።

እስከ ዛሬ በራሴ የምናደደው በ38ቱ ነው። የገዛሁት በጥር ነው። በእኛ አቆጣጠር ዓመቱ ገና ሃያ ሳምንት አካባቢ ላይ ነበር። 38ኛው ሳምንት ከየት ይመጣል? ቁጥሩ ራሱ «እኔ የዘንድሮ አይደለሁም» እያለኝ ነበር። እኔ ቀን እየቆጠርኩ የመድኃኒት ማለፊያ የማይ ሰው ነኝ። በየቀኑ ካርቶን ላይ የፈረንጅ ቀን አነባለሁ፣ ወደ እኛ እመልሳለሁ፣ ያለፈበትን እጥላለሁ። ለከብት ክትባት ያደረግኩትን ለእናቴ መኪና አላደረግኩትም።

ጥርሱን በማስመሪያ ለካሁት። 5 ሚሊ ሜትር ነበረው። አዲስ ሲሆን 8 አካባቢ ነው። 27 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው የሄደው። በጥርሱ ቢሆን ገና ሌላ ዓመት ይሄድ ነበር። ቦሎ መርማሪው ያየው ይሄንን ነው።

ከዚያ ዋስትናውን ላስከብር ተነሳሁ። ሦስት ወር ፈጀብኝ።

መጀመሪያ ሱቁ ሄድኩ። «እኛ አናመርትም፤ አስመጪውን ጠይቅ» ተባልኩ። አስመጪው አዲስ አበባ ነው። ደወልኩ። ፎቶ ላክ አሉ። ላክሁ። ደረሰኝ ላክ አሉ። ደረሰኙ «ጎማ፣ ብዛት 4» ይላል እንጂ የጎማውን ቁጥር አልጻፈም። ሳምንታት ጠብቄ መልስ መጣ። የአምስት ዓመቱ ዋስትና የሚቆጠረው ከተመረተበት ቀን ነው አሉ፤ ከገዛሁበት ቀን አይደለም። ይህ ማለት በ2010 አልቋል። እኔ በ2012 የገዛሁት ዋስትና ከሁለት ዓመት በፊት የሞተ ዋስትና ነው። ወረቀቱን ግን በደስታ ነበር የሰጡኝ።

80 ሺህ ኪሎ ሜትሩስ? ያን ጊዜ ነው ወረቀቱን ቁጭ ብዬ ያነበብኩት። በትናንሽ ፊደል ብዙ ነገር አለው። በየ10 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ጎማው ቦታ እየተቀያየረ መመዝገብ አለበት። ዋስትናውን የሚጠይቀው ጎማውን የገዛው ሰው ራሱ መሆን አለበት። የአራቱም ጥርስ እኩል መበላት አለበት። ደግሞም የሚሸፍነው የጥርስ ማለቅን እንጂ መሰንጠቅን አይደለም። ቢያሟሉ እንኳ ብር አይመልሱም። 80 ሺህ ተብሎ 40 ሺህ ላይ ካለቀ፣ ያንኑ ዓይነት ሌላ ጎማ ስትገዙ ግማሽ ዋጋ ይቀንሱላችኋል። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ የኪሎ ሜትር ዋስትናዎች ለአሜሪካና ለካናዳ ገበያ የተጻፉ ናቸው። የእኔም ወረቀት መጨረሻው ላይ እንደዚያው ይላል። ባሕር ዳር ላይ ያ ወረቀት ማስታወቂያ ነው።

ተናድጄ የሸማች ቅሬታ ወደሚታይበት ቢሮ ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን ባለሙያው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። በሁለተኛው ማመልከቻ ጽፈህ ና ተባልኩ። ጻፍኩ። በሦስተኛው ባለሙያው ጎማውን እንኳን አላየውም። መኪና ውስጥ ይዤው መጥቼ ነበር፣ ላምጣው ብል አያስፈልግም አለ። አዋጅ ቁጥር 813/2006ን ጠቀሰልኝ። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ የሚለው በ15 ቀን ውስጥ ነው አለኝ። «እርስዎ ሁለት ዓመት ዘግይተዋል።» ያው አዋጅ የተሻለ ዋስትና ካለ እሱን አይነካም ይላል እኮ ብዬ ተከራከርኩ። «ዋስትናዎት ደግሞ አልፎበታል» አለኝ። በተሸጠልኝ ቀን ያለፈ ዋስትና ነው፣ ቅሬታዬ ራሱ ይሄ ነው ብል ማን ይስማኝ። ማኅተም የሌለው መልስ ይዤ ወጣሁ። የሞተ ሰው አልነበረም፤ ለዚያ ነው መሰለኝ ማንም ያልቸኮለው።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ።

ቁጥሩን ስታነቡ ሁለት አሃዝ ሳምንት፣ ሁለት አሃዝ የፈረንጅ ዓመት ነው። ሳምንቱ ከ37 በታች ከሆነ ከዓመቱ 8 ቀንሱ። 37 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 7 ቀንሱ። የእኛ ዓመት ያ ነው። ሙሉ ቁጥሩ በጎማው አንድ ጎን ብቻ ሊጻፍ ይችላል። ስለዚህ ቸርኬ ላይ ሳይገጠም እዩት፤ ከተገጠመ በኋላ ወደ ውስጥ ዞሮ ሊደበቅ ይችላል። አራቱንም እዩ። አንዱ የዘንድሮ፣ ሦስቱ የድሮ ሊሆኑ ይችላሉ። ሻጩ ቁጥሩን ደረሰኙ ላይ እንዲጽፍ አድርጉ። እምቢ ካለ ውጡ።

አንዳንድ ትላልቅ ጎማ አምራቾች ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ አስመርምሩ፣ ከአሥር ዓመት አታሳልፉ ይላሉ። እኔ አሥሩን አልቀበልም። እዚህ ፀሐዩ ብርቱ ነው፣ መኪናው ጥላ የለውም፣ ንፋሱን የሚለካ የለም። ለባሕር ዳር ስድስት ዓመት ይበቃል። ስድስት ከሞላው ጥርሱ አዲስ ቢመስልም አውጡት። ስኮርታውንም ጭምር።

ጎማው ጎን ላይ ትሬድዌር (የጥርስ አበላል) የሚለው ቁጥር ላይ ተመርኩዘው ኪሎ ሜትር የሚነግሯችሁን አትስሙ። 400 ማለት 100 ከተባለው መለኪያ ጎማ ጋር ሲነጻጸር አራት እጥፍ ቆየ ማለት ነው እንጂ ኪሎ ሜትር አይደለም። የሚለካው ቴክሳስ ውስጥ 640 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን መንገድ ላይ መኪኖች አብረው እየተነዱ ነው። ጠቅላላ የሚነዱት 11,600 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የቀረው ግምት ነው። ያ መንገድ የእኛ ጋሪና ጉድጓድ የለውም።

የንፋስ ማነስ ደግሞ ጎማችንን በብዛት የሚገድለው እሱ ነው። ብዙ ጎሚስታዎች «ሙቀት ነው፣ ቀንስ» ይላሉ። አትቀንሱ። ንፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ ብዙ ይታጠፋል፣ ሲታጠፍ ይግላል፣ ሲግል ቆዳው ይላቀቃል። የእኔም እንደዚያ ነው የሆነው፤ እርጅናና ማነስ ተባብረውበት። ከሰዓት የጋለ ጎማ ላይ ለክተው ካስተነፈሱላችሁ ጠዋት አንሶ ታገኙታላችሁ። ትክክለኛው ቁጥር ሹፌሩ በር ክፈፍ ላይ ተለጥፏል። ጠዋት፣ ሳትነዱ፣ በራሳችሁ መለኪያ ለኩት። መለኪያ ገዝቼ ሰፈር ካለው ማሽን ጋር ሳስተያየው ስምንት ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ተለያዩ። ለሁለት ዓመት ስንት እየሞላሁ እንደነበር አስቡት።

ግንቦት 2014 ላይ የገዛኋቸው አራቱም 0522 ይላሉ። ጥር 2014 ማለት ነው። በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ አቀያይራቸዋለሁ፤ ወረቀቱ 10 ቢልም። መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት መኪናዋ ቆማ ስትከርም ጎማዎቹን በማዳበሪያ ጆንያ እሸፍናለሁ፣ በሳምንት አንዴ ትንሽ አንቀሳቅሳታለሁ።

ባለፈው እሑድ ለካኋቸው። 33 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄደው 4.5 ሚሊ ሜትር ቀርቷቸዋል። እዚህ ፍጥነት ላይ 47 ሺህ አካባቢ 3 ሚሊ ሜትር ይደርሳሉ። ሕጋዊው ልክ በብዙ አገር 1.6 ነው፤ እኔ ግን ክረምት ላይ የድልድዩ አስፋልት ውሃ ሲይዝ በ1.6 እናቴን አልጭንም። ወረቀታቸው ላይ 80 ሺህ ይላል።

47 ሺህ ሳይሞሉ ቢቀሩም ጥር 2020 ላይ ይወጣሉ። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ጽፌ ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፌዋለሁ።