ገብስ፣ ቆላና ሎጂክ፦ ሴማንቲክ ዌብን ደብረ ብርሃን እንዴት ተማርኩት

ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር ሳይንስ ስማር ከሁሉም የወደድኩት ሴማንቲክ ዌብንና ከጀርባው ያለውን ሎጂክ ነው። ሴማንቲክ ዌብ ማለት መረጃን ኮምፒውተርም መደምደሚያ እንዲያወጣበት ከነትርጉሙ መጻፍ ነው። ብዙ ተማሪ ይፈራዋል። እኔን የጠቀመኝ መንገድ ሌላውንም ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ልንገራችሁ።

መሠረቱ አርዲኤፍ (RDF) የሚባለው የመረጃ አጻጻፍ ነው። ማንኛውም መረጃ በሦስት ቁራጭ ይጻፋል፦ «ገብስ – የሚበቅልበት – መንዝ» እንደማለት። በላዩ የነገሮችን ትርጉምና ግንኙነት የምንገልጽበት አውል (OWL) የሚባለው ቋንቋ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 የዌብ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ፣ ሁለተኛው ስሪቱ በ2009 ወጣ። ሎጂኩ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። አውል የቆመበት ዴስክሪፕሽን ሎጂክ ሆን ተብሎ የተገደበ ነው። ሁሉን ልግለጽ የሚል ሎጂክ መልስ ሳይሰጥ ለዘላለም ሊፈልግ ይችላል፤ ይሄኛው ግን ጊዜ ቢወስድም መልስ ላይ ይደርሳል።

ብዙዎች ፕሮቴዤ የሚባለውን የአውል መጻፊያ ፕሮግራም ከፍተው ክላስ (የነገሮች ምድብ) መደርደር ይጀምራሉ። እኔ የጀመርኩት በወረቀት ነው። ታብሎ የሚባል ዘዴ አለ። «ገብስ ሁሉ ሰብል ነው» የሚለውን ለማረጋገጥ፣ ገብስ ሆኖ ሰብል ያልሆነ ነገር አለ ብላችሁ ትነሳላችሁ። ከዚያ በሕጎቹ እየተመራችሁ ታወርዱታላችሁ። በየትኛውም በኩል ብትሄዱ ከተጋጨ፣ እንዲህ ያለ ነገር የለም ማለት ነው። ብዙዎቹ ሪዝነሮች (ከተጻፈው ተነስተው የሚደመድሙ ፕሮግራሞች) ውስጥ ያለው ሐሳብም ይኸው ነው። ጥቂቱን በእጅ የሠራ ሰው ፕሮቴዤ አንዱን ክላስ እርስ በርሱ ይጋጫል ብሎ ቀይ ሲያደርግበት ግጭቱን የት እንደሚፈልግ ያውቃል።

ለፕሮጀክቴ የመረጥኩት የሰሜን ሸዋን ሰብል ነው። አገሩ ለዚህ ይመቻል። ከጣርማ በር ቁልቁል ደብረ ሲናን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት እስክትደርሱ ደጋው ቆላ ይሆናል። መንዝ ገብስ፣ ምንጃር ጤፍ፣ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ማሾ። «የደጋ ሰብል» የሚል ክላስ ሠራሁ፤ ትርጉሙ «ደጋ ብቻ የሚበቅል» ነው። ገብስ ደጋ እንደሚበቅል ጻፍኩ። ሪዝነሩ ግን ገብስን እዚያ ክላስ ውስጥ አያስገባውም።

የትምህርቱ እምብርት ይሄ ነው። የተለመደው ዳታቤዝ መዝገብ ላይ የሌለውን «የለም» ብሎ ይወስዳል። አውል ግን ያልተነገረኝን አላውቅም ይላል። ገብስ ቆላም ይበቅል ይሆናል፣ ማን ከለከለ? ነገሩ ቁልጭ ብሎ የታየኝ ሸዋ ሮቢት ያሉትን አጎቴን ስጠይቃቸው ነው።

«ጋሼ፣ ገብስ እዚህ አይበቅልም ማለት ነው?»

«እኔ ዘርቼ አላየሁም። አይበቅልም ብዬ ግን አልምልልህም» አሉኝ።

ስለዚህ «ብቻ» የሚለውን አውጥቼ ትርጉሙን «ቢያንስ አንድ ደጋ ቦታ የሚበቅል» አደረግሁት። ገብስ ወዲያው ገባ። «ብቻ» ሌላም ጣጣ አለው። የትም የማይበቅል ነገር ሁሉ «ደጋ ብቻ የሚበቅል» የሚለውን ያሟላል፤ ሰብል መሆኑን ካልጠየቃችሁ ድንጋይም ይገባል። ሌላው፣ ደጋና ቆላ እንደማይደራረቡ በግልጽ መጻፍ አለበት። እኛ ከልጅነታችን የምናውቀውን ሪዝነሩ አያውቅም።

ስምም እንደዚያው ነው። አንኮበር ወረዳም ነው፣ የድሮ የነገሥታት ከተማም ነው። ለየብቻ መለያ ሰጠኋቸው፤ የተለያዩ መሆናቸውንም ጻፍኩ። መለያ ስለተለያየ ብቻ አውል ሁለት ነገር ናቸው ብሎ አይደመድምምና። በአንጻሩ «መሐል ሜዳ» እና «መሃል ሜዳ» አንድ መለያ ላይ የተሰቀሉ ሁለት አጻጻፎች ሆኑ። በአማርኛ ዳታ ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ፕሮቴዤ ነጻ ነው። ላፕቶፕ ላይ ከተጫነ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል፣ ለዶርም ሕይወት ትልቅ ነገር ነው።

ስፓርክልን (ዳታውን የምንጠይቅበትን ቋንቋ) መጨረሻ ላይ ተማሩት፣ ሎጂኩ ከገባችሁ በኋላ። በራሱ ከባድ አይደለም። ግን «ገብስ የሌለባቸውን ወረዳዎች አምጣ» ስትሉት የሚያየው የተጫነለትን ዳታ ብቻ ነው። ዝርዝሩን ሪፖርት ላይ ስታስገቡ «ገብስ አይበቅልባቸውም» አትበሉ። «አልተመዘገበባቸውም» ብላችሁ ጻፉ።