ጊታሬ እጄን ወጋኝ

ዛሬ ጊታሬን ከጥግ አንስቼ እጄን አንገቱ ላይ ሳንሸራትት የሆነ ነገር ጫር አደረገኝ። ጠጋ ብዬ አየሁት። ፍሬቶቹ፣ እነዚያ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች፣ ጫፋቸው በጎን ወጣ ወጣ ብሏል።

ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ጣቱን በጠርዙ አስኬደና ሳቀ። «ብረቱ አላደገም፤ እንጨቱ ነው የጠበበው» አለኝ። ቀጥሎ ስለ ጊታሩ አልጠየቀኝም። «ቤት ውስጥ ማሞቂያ አለህ?»

አዎ፣ አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ይበራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። 0 ዲግሪ ላይ እርጥበት የጠገበ የውጭ አየር ቤት ገብቶ 20 ዲግሪ ሲሞቅ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ (አየሩ መያዝ ከሚችለው ውሃ የያዘው ድርሻ) ወደ 26 በመቶ ግድም ይወርዳል። ውሃው የትም አልሄደም። የሞቀ አየር ብዙ መያዝ ስለሚችል ይጠማዋል፤ የተጠማ አየር ደግሞ ካገኘው ሁሉ ይጠጣል። እንጨት በርዝመቱ እምብዛም አይቀንስም፤ በወርዱ ግን ይኮማተራል።

ቤት ስመለስ ሁሉም ነገር ሌላ ትርጉም ያዘ። ሌሊት ቁም ሳጥኑ ቀጭ የሚለው (አይጥ ነው ብዬ ወጥመድ ሁሉ አጥምጃለሁ!)። በወለሉ ጣውላዎች መሃል የተከፈተው ክፍተት። የበር እጀታ ስነካ የሚነዝረኝ። ጠዋት ጠዋት የሚደርቀው ጉሮሮዬ ሳይቀር።

እርጥበት መለኪያ ገዝቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። 24 ይላል። ለጊታር የሚመከረው ከ45 እስከ 55 ነው።

ብረቶቹን ሞርድልኝ ብለው ጠጋኙ እምቢ አለ። «መጀመሪያ ውሃ ይጠጣ» ብሎ መለሰልኝ። አሁን ጊታሩ ሳጥኑ ውስጥ ከእርጥብ ስፖንጅ ጋር ተኝቷል።