ሐኪሙን ሳያዩ መታከም፦ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የሕመም ደብዳቤዎች ንባቤ የት ደረሰ?

ሥራዬ ፋርማሲ ውስጥ ነው። ቀን የሐኪም ጽሑፍ ስፈታ እውላለሁ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ ደግሞ የሐኪም ጽሑፍ እፈታለሁ። የማታዎቹ ሐኪሞች ግን ከሞቱ 200 ዓመት አልፏቸዋል። የድሮ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ እየተለማመዳችሁ ላላችሁ፣ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

የያዝኩት የዶክተር ዊልያም ከለንን ደብዳቤዎች ነው። ከለን በ1710 የተወለደ፣ በ1790 የሞተ ስኮትላንዳዊ ነው። መጀመሪያ ግላስጎው ውስጥ ኬሚስትሪ አስተማረ። በ1755 ወደ ኤድንብራ ተዛወረና በዘመኑ ስማቸው ከገነነ የሕክምና መምህራን አንዱ ሆነ። ታማሚዎች ከቅርብም ከሩቅም ይጽፉለት ነበር፤ አሜሪካ ድረስ። እሱም ይመልስላቸዋል። ብዙዎቹን በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም። ዛሬ ከ5 ሺህ በላይ ደብዳቤዎች በኤድንብራ ንጉሣዊ የሐኪሞች ኮሌጅ ተቀምጠዋል። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ደግሞ የገጾቹን ፎቶና የተገለበጠውን ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አውጥተውታል። ለተለማማጅ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ፎቶውን ታነባላችሁ፣ የገባችሁን ትጽፋላችሁ፣ ከዚያ ከተገለበጠው ጋር ታስተያያላችሁ።

በጣም የወደድኩት ነገር የሁለቱም ወገን ድምፅ መገኘቱ ነው። ብዙውን ጊዜ የታዋቂ ሰው ደብዳቤ ሲቀመጥ ወይ የላከው ብቻ ወይ የተላከለት ብቻ ይተርፋል። ከለን ግን የሚመጡለትን ያስቀምጣል፤ የራሱን መልስ ደግሞ ከመላኩ በፊት በጸሐፊ ያስገለብጣል። ከ1781 ጀምሮ ማሽን ገባ። የእንፋሎት ሞተሩ ጄምስ ዋት በ1780 የደብዳቤ መቅጃ መሣሪያ ፈጥሮ የባለቤትነት መብት አውጥቶበት ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ደብዳቤው በተለየ ቀለም ይጻፋል። ቀለሙ ሳይደርቅ ስስና እርጥብ ወረቀት ይደረብበትና በማሽኑ ይጫናል። ቀለሙ ወደ ስሱ ወረቀት ያልፋል፤ ጽሑፉ ግን በመስታወት እንደሚታይ ግራና ቀኙ ዞሮ ነው የሚታተመው። ስለዚህ የሚነበበው ከጀርባው ነው፤ ወረቀቱ ስስ ስለሆነ ያሳያል። በነገራችን ላይ የዋት የቅርብ ወዳጅ የነበረው ኬሚስቱ ጆሴፍ ብላክ የከለን ተማሪ ነበር። ማሽኑ በቶሎ ከለን ቤት መድረሱ አልገረመኝም።

አዲስ ለምትጀምሩ አንድ ምክር፦ በማሽን ከተቀዱት አትጀምሩ። ቀለሙ የተሰራጨበት፣ የደበዘዘበት ቦታ ብዙ ነው። በጸሐፊ እጅ የተገለበጡት ይሻላሉ። መጀመሪያ የሚያስቸግረው ረጅሙ ኤስ ነው፤ ቁርጥ ኤፍ ይመስላል። ዓይን ሲለምደው ግን ይረሳል። ከዚያ በኋላ የሚያስቸግረው የቃላት ማሳጠር ነው። እንደኛ የካርድ ክፍል ሰዎች ሁሉንም ነገር ያሳጥራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ስጀምር ሐሳቤ "ምስኪኖች፣ ሐኪም ማግኘት ቢያቅታቸው በደብዳቤ ተጽናኑ" የሚል ነበር። ሳነብ ስሰነብት ነገሩ ሌላ ሆነ። የዚያን ጊዜ ሐኪም ፊት ለፊት ቢቀመጥስ ምን ያደርግ ነበር? ማዳመጫ የለውም፤ ስቴቶስኮፕ የተፈጠረው በ1816 ነው። ደም አይመረመርም፣ ራጅ የለም፣ ሙቀት በመሣሪያ መለካት ገና አልተለመደም። ምላስ ያያል፣ የልብ ምት ይዳስሳል፣ የቀረውን ሁሉ በጆሮው ነው የሚሰበስበው። ታማሚው የሚናገረው ነገር ራሱ ምርመራው ነበር። ያ ንግግር በወረቀት ሲመጣ የሚጎድለው ትንሽ ነው። እንዲያውም የሚጨምረው አለ። ሰው ፊት ለፊት የሚያፍርበትን ወረቀት ላይ ይደፍራል። ስለ ሰገራው፣ ስለ ሽንቱ፣ ስለ መኝታ ቤቱ፣ በሌሊት ስለሚያስጨንቀው ሐሳብ ሳይቀር ይዘረግፈዋል።

የሚጽፈውም ሁልጊዜ ታማሚው አይደለም። ባል ስለ ሚስቱ፣ አባት ስለ ልጁ፣ የሰፈሩ ቄስ ስለ ምእመኑ ይጽፋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ የአካባቢው ቀዶ ሐኪም ወይም መድኃኒት ቀማሚ ነው የሚጽፈው። የሱ ደብዳቤ ደረቅ ነው፤ ዕድሜ፣ የሰውነት ሁኔታ፣ የተሰጠው መድኃኒት፣ ያመጣው ለውጥ። ጠቃሚ ነው፣ ግን ያሰለቻል። እኔ የምጓጓው ሰውየው ራሱ ሲጽፍ ነው። ሕመሙ ከመቼ ጀምሮ፣ ከየትኛው ጉዞ በኋላ፣ ምን በልቶ፣ ማን ሞቶበት እንደጀመረው ያወራል። የኛ እናቶች ሐኪም ፊት "እንግዲህ ልጄ፣ ነገሩ የጀመረው..." ብለው ሲነሱ ሐኪሙ ሰዓቱን ያያል። ከለን ግን ሰዓት የሚያይ አይመስለኝም። የሚፈልገው ይሄንኑ ነበር።

ስለ ፖስታው ጥቂት ልበል፤ ገጹ ለምን እንደዚያ እንደተጨናነቀ የሚገባችሁ እሱን ስታውቁ ነው። በብሪታንያ እስከ 1840 ድረስ የፖስታ ክፍያ በአብዛኛው በተቀባዩ ላይ ነበር። ሂሳቡ በርቀትና በወረቀቱ ብዛት ነው። ኤንቨሎፕ ቢጨመር እንደ ሁለተኛ ወረቀት ይቆጠራል። ስለዚህ ሰው አንዱን ወረቀት ጥግ ድረስ ይሞላዋል፣ ያጥፈዋል፣ በሰም ያሽገዋል፣ አድራሻውን እዚያው ጀርባው ላይ ይጽፋል። ሰሙ ሲነሳ ወረቀቱን ቦጭቆ ይሄዳል፤ አንዳንዴ ዋናው ቃል ያለው እዚያው ጋ ነው። ያናድዳል።

ጊዜውም አለ። በ1786 የለንደንና የኤድንብራ የፖስታ ሠረገላ ሲጀመር መንገዱ 60 ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር፤ ይህ ትልቅ ፍጥነት ተብሎ ነው። ከሩቅ ገጠር ወይም ከባሕር ማዶ ሲሆንማ መልሱ እስኪደርስ በሽታው መልኩን ይቀይራል። በደብዳቤ የሚያክም ሰው ይህን አይዘነጋም። "ሳሉ ከቀጠለ ይህን ውሰዱ፣ ትኩሳት ከጨመረ ያን ተዉት" እያለ መንገዱን ከፋፍሎ ያስቀምጣል። ለድንገተኛ ሕመም ደብዳቤ ዋጋ የለውም። የደብዳቤዎቹ ሆድ የሞላው በሪህ፣ በጨጓራ፣ በአስም፣ በነርቭ፣ ለዓመታት በሚጎትት ሳል የሆነውም ለዚህ ይመስለኛል።

መልሱስ? እኔ በሙያዬ የጠበቅሁት የመድኃኒት መዓት ነበር። አለ፣ ግን ከሱ በፊት የሚመጣው የአኗኗር ምክር ነው። ሥጋው ስንት ጊዜ፣ ወይኑ ምን ያህል፣ ስንት ሰዓት መተኛት፣ ከገላ ጋር የሚነካ የሱፍ ካናቴራ መልበስ፣ ብርድ መሸሽ፣ በፈረስ መናፈስ። ፈረስ መጋለብ ለስንቱ እንደሚታዘዝ ብታዩ! ፈረስ የሌለው ምን ይሁን? መልሱ ቀላል ነው፤ ፈረስ የሌለው አይጽፍም ነበር። ክፍያው በጊኒ ነው የሚቆጠረው፤ አንድ ጊኒ 21 ሺሊንግ ነው። የድሃ ገንዘብ አይደለም።

የመድኃኒት ማዘዣው በላቲን ነው፤ እዚህ ጋ ሙያዬ ጠቀመኝ። የመጠን ምልክቶቹን ለማታውቁ፦ ትንሹ መለኪያ ግሬን ነው። 20 ግሬን አንድ ስክሩፕል፣ 3 ስክሩፕል አንድ ድራም፣ 8 ድራም አንድ አውንስ ይሆናል። የድራሟ ምልክት ቁጥር 3ን ትመስላለች። የአውንስ ምልክት ያችው ሆና አናቷ ላይ አንድ ጭረት ትጨመርባታለች። ያቺን ጭረት የሳተ ቀማሚ ስምንት እጥፍ ይቀንሳል፤ የሌለችውን ያየ ደግሞ ስምንት እጥፍ ይጨምራል። መድኃኒቱ ኦፒየም ሲሆን አስቡት። በምሽት ፈረቃ ላይ ይህን ሳስብ ይነዝረኛል። ዝርዝሩ ውስጥ ሩባርብ (ሆድ የሚያስቀምጥ ሥር)፣ የሲንኮና ቅርፊት፣ ሜርኩሪ፣ ቆዳ የሚያቆስል ልጥፍ፣ ደም ማውጣት አለ። የሲንኮና ቅርፊት ኪኒን የተገኘበት ነውና ለወባ በእርግጥ ይሠራል። ሜርኩሪውን ግን ሳየው ጥርሴን ነው የምነክሰው።

እግረ መንገዴን፦ ከለን ኤድንብራ ተቀምጦ ደብዳቤ በሚመልስበት በዚያው ዘመን፣ ሌላ ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ ጎንደር ነበር። ሐኪም አልነበረም። ግን ቁስቋም፣ በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ፣ ፈንጣጣ የያዛቸውን ሲያስታምም ሰንብቷል። ይህን ለብቻው አንድ ቀን እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ልምምዱ። ከከለን ሌላ የስዊስ ሐኪም ሳሙኤል ኦጉስት ቲሶ አለ፤ የሎዛን ሰው። በ1761 ሐኪም ለሌለበት ገጠር ሕዝብ የጤና መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ሐኪም የሚያማክር ሰው መመለስ ያለበትን ጥያቄ ደርድሯል። ዕድሜው ስንት ነው? ቀድሞ ጤነኛ ነበር? አኗኗሩ እንዴት ነው? ሕመሙ እንዴት ጀመረ? ይተኛል? ይጠማዋል? ምግብ ይፈልጋል? ሰገራው፣ ሽንቱ፣ ላቡ እንዴት ነው? ምን መድኃኒት ወሰደ፣ ምንስ አመጣለት? ለሴቶችና ለልጆች ደግሞ የተለየ ጥያቄ አለው።

በነዚህ ጥያቄዎች የራሴን ጨጓራ ጻፍኩት። አንድ ገጽ ብቻ፣ እንደነሱ። "ጨጓራዬን ያመኛል" አራት ሰከንድ አይፈጅም። "አኗኗሩ እንዴት ነው?" የሚለው ግን ግማሽ ገጽ በላ። ቁርስ ሳልበላ ቡና፣ ምሳ ቆሜ፣ በጾም ወቅት በርበሬ የበዛበት ሽሮ፣ የሌሊት ፈረቃ። የመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ አላበኝ። የፋርማሲ ሰው መድኃኒት ከእጁ አይጠፋም፤ የትኛው ክኒን ምን እንዳደረገልኝ ለይቼ ለመጻፍ ስንት ጊዜ ሰርዤ ደለዝኩ። ይህን ልምምድ ሞክሩት። ደብዳቤዎቹን የማነብበት ዓይን የተቀየረው ከዚህ በኋላ ነው። አሁን አንድ ታማሚ ምን እንደጻፈ ብቻ ሳይሆን ምን እንደዘለለም ይታየኛል።

ገጹን ለቀጠሮዬ ይዤው ሄድኩ። ሐኪሜ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ወረቀቱን አስቀመጠና "ተኚ እስቲ" አለኝ። ከጎድን አጥንቴ በታች በጣቶቹ ተጫነ፤ "እዚህ? እዚህስ?" ሦስተኛው ቦታ ላይ ጮህኩ። ከለን ይህቺን አያገኛትም ነበር።

ስለ ቲሶ ካነሳሁ አንዱን ሳልነግራችሁ አላልፍም። በኤፕሪል 1787 የ17 ዓመት የጦር መኮንን ከኮርሲካ ጻፈለት። አጎቱን፣ በትክክል የአያቱን ወንድም፣ ሪህ አሠቃይቶታል፤ ምክር ይፈልጋል። እሱንም ትኩሳት ይዞት ስለነበር ለእጅ ጽሑፉ ይቅርታ ይጠይቃል። ቲሶ "ብዙም የማይስብ" ብሎ ደብዳቤው ላይ ጻፈበትና ሳይመልስ ተወው። የመኮንኑ ስም ናፖሊዮን ቦናፓርት ነበር።

ቀጥሎ የያዝኩት የሳሙኤል ጆንሰንን ጉዳይ ነው፤ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው እንግሊዛዊ። በ1784 መጀመሪያ ሰውነቱ ውሃ ቋጥሮ፣ አስም ይዞት፣ ለንደን ተኝቶ ነበር። ስኮትላንዳዊ ወዳጁን ቦስዌልን "ያገርህን ሐኪሞች ስለ እኔ ጠይቅልኝ" አለው። ቦስዌል በማርች ለኤድንብራ ሐኪሞች ጻፈ፤ ከለንም አንዱ ነው። መልሱ መጣ። ጆንሰን እስከ ዲሴምበር በሕይወት ቆየ። ለንደን ውስጥ በጊዜው ከሚከበሩት ሐኪሞች መካከል ሁለቱ እየጎበኙት፣ እሱ ግን ከኤድንብራም ደብዳቤ ይጠብቃል። ሐኪም አጥተው ነው የሚጽፉት የሚለው የመጀመሪያ ግምቴ እዚህ ጋ ጨርሶ ፈረሰ።

የቲሶ ወረቀቶች በፈረንሳይኛ ናቸው፤ የእኔ ፈረንሳይኛ ደግሞ ከመድኃኒት ማሸጊያ አያልፍም። ከመካከላችሁ ፈረንሳይኛ የሚያነብ ካለ አብረን እንቀመጥ። የከለንን የላቲን ማዘዣ እኔ እፈታለሁ።