በነሐሴ በር አይላግም

ክረምት በገባ ቁጥር ፒያሳ ካለው ጣይቱ ሆቴል ስልክ ይደወልልኛል። «ጋሼ፣ የላይኛው ክፍል በር አልዘጋ ብሏል፤ መላጊያዎን ይዘው ይምጡ።» እሄዳለሁ፤ መላጊያዬን ግን ቤት ትቼ ነው። የአዲስ አበባ እንጨት በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ ከጥቅምት ወዲያ ደርቆ ይኮማተራል። በነሐሴ በር የላገ አናጢ በጥር ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ታቅፎ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ የማየው ማጠፊያውን ነው፤ ብዙ ጊዜ በሩ የሚጎተተው ብሎኑ ላልቶ ስለዘመመ ነውና በካቻቪቴ አጠብቀዋለሁ። ከዚያ የሚፋተገውን ጠርዝ በሻማ አሸዋለሁ። የቀረውን መስከረም ይጨርሰዋል።

ሆቴሉን እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. አቋቋሙት፤ ንድፉም ሙሴ ሚናስ የሚባሉት አርመናዊ መሐንዲስ እንደሆነ ይነገራል። እኔም ሙያውን የተማርኩት ከአንድ አርመናዊ አናጢ ነው። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ገና ጎረምሳ ሳለሁ፣ የተጠገነ ወንበር በትከሻዬ ተሸክሜ በዚያ በር ገባሁ። ደርግ መጣ፣ ሄደ። ሆቴሉ የመንግሥት ሆነ፣ ኋላም ወደ ግል ተዛወረ። ሥራ አስኪያጆችም ተፈራረቁ። እኔ ደመወዝተኛም ሆኜ ውልም ፈርሜ አላውቅም፤ እንጨት ሲጮህ የምጠራ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ስለ ጡረታ ስትጠይቀኝ ይህን መልስ አትወደውም።

ሆቴሉ ሲከፈት ከፍሎ መብላት እንደ ነውር ይታይ ስለነበር ደፍሮ የሚገባ ጠፋ፤ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፣ በልተውና ከፍለው ሰዉን አስለመዱት ይባላል። እኔ ታሪኩን የማየው በወንበሩ በኩል ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ተቀምጦ በልቶ ሄዷል! ወንበርን የሚገድለው ደግሞ ዕድሜ ሳይሆን በሁለት እግሩ አቁሞ ወደ ኋላ የሚወዛወዝበት ሰው ነው።

የላላ ወንበር ሲመጣለት ብዙ አናጢ እጁ ወደ ሚስማር ይሮጣል። ሚስማር የደረቀ እንጨት ይሰነጥቃል፤ ባይሰነጥቅ እንኳ ነገ ለሚጠግነው ሰው ወጥመድ ነው። የድሮ ወንበሮች የተጣበቁት ከቆዳና ከአጥንት ተቀቅሎ በሚወጣ ሙጫ ነው። የዚህ ሙጫ ደግነቱ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ መልቀቁ ነው። ጨርቅ በፈላ ውሃ ነክሬ መጋጠሚያው ላይ እጠመጥማለሁ፣ አቦል ቡና ጠጥቼ እስክመለስ እተወዋለሁ። ከዚያ በእጄ ቀስ እያልኩ ሳወዛውዘው እግሩ ከነምላሱ፣ ቀዳዳው ውስጥ ከሚገባው ጫፉ ጋር፣ ይወጣል። ምላሱ ላይ የተጋገረውን ሙጫ በሙቅ ውሃ አጥበዋለሁ እንጂ በመሮ አልፍቀውም፤ የተፋቀ ምላስ ይቀጥናል፣ የቀጠነ ምላስ ደግሞ ቀዳዳው ውስጥ ይንቀለቀላል። ቀድሞ የቀጠነ ከሆነ ስስ የእንጨት ልብስ በሙጫ አለብሰዋለሁ። መልሼ ገጥሜ በገመድ ጠፍሬ ካሰርኩት በኋላ ወንበሩን ጠረጴዛ ላይ እሰቅለዋለሁ። «አትቀመጡ» የሚል ወረቀት የሚያነብ የለም፤ ጠረጴዛ ላይ የወጣ ወንበር ላይ ግን ማንም አይቀመጥም።

ስለ ማቅለሚያው ብዙ አልልም። ከመቀመጫው ሥር፣ ዓይን በማያየው ቦታ፣ አልኮል የነካ ጥጥ ጫን አድርጉበት። ጥጡ ከተጣበቀ ጎማ ላካ የሚባለው፣ በአልኮል የሚሟሟው የእንጨት ማቅለሚያ ነው፤ ጎማ ላካ ደግሞ በራሱ ዓይነት ስለሚታደስ እስከ እንጨቱ ድረስ መፋቅ አያስፈልገውም።

አንድ ጊዜ ሥራ አስኪያጇ «ጋሼ፣ ይህን ደረጃ ዝም ያሰኙልኝ፤ እንግዶች ከእንቅልፋቸው እየነቁ ተቸገሩ» አለችኝ። ደረጃ የሚጮኸው ጣውላው ሲደርቅ ሚስማሩ ስለሚላላ ነው፤ ሲረገጥ ጣውላው ሚስማሩን እያሻሸ ይወርዳል። ከላይ ሌላ ሚስማር መምታት ለአንድ በጋ ያስታግሳል። እኔ ከሥር ገብቼ ክፍተቱ ላይ ሙጫ የተቀባ ስስ ሽብልቅ በእጄ ገፋሁ፣ በመዶሻ ለዘብ አድርጌ ነካ አደረግኩት። ሽብልቅ ከበዛ ጣውላውን ያነሳውና ጩኸቱ ወደ ጎረቤቱ እርከን ይዛወራል። ልጨርስ ስል የሌሊት ዘበኛው መጣ። «ወንድሜ፣ አንዷን እንኳ ተውልኝ፤ በሌሊት ማን እንደወጣ ማን እንደወረደ የምትነግረኝ እሷ ናት።» ተውኩለት። የትኛዋ እንደሆነች ለሥራ አስኪያጇም አልነገርኩም።

ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በሆቴሉ እሳት ተነሥቶ ጃዝ አምባ የሚባለው የሙዚቃ አዳራሽ ወደመ። ያ እሑድ ሥራዬን ለወጠው። የተቃጠለ እንጨት ልኩን አይናገርም፤ ፎቶግራፍም ቢሆን ውፍረት አያሳይም። ከዚያ ወዲህ የነካሁትን እያንዳንዱን የጠርዝ ጌጥና የመከታ ዘንግ ቅርጽ በካርቶን ቆርጬ፣ የየት እንደሆነ ጽፌበት አስቀምጣለሁ። ሣጥኑ ሞልቶ አልጋዬ ሥር ገብቷል። ሙያውን የሚማር ወጣት ከእኔ አንድ ነገር ብቻ ይውሰድ ብባል ይህንን እሰጠው ነበር፤ እጅ ይረሳል።

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ የሚባለው የፒያሳ ሰፈርና አካባቢው ሲፈርስ ሰዉ ቆርቆሮና የብረት በር ሲያነሣ እኔ የጥድ ምሰሶ ስለቅም ሰነበትኩ። የጥድ መሃሉን ምስጥ አይደፍረውም፤ በዚያ ላይ እነዚያ ምሰሶዎች ቤት ተሸክመው መጠማዘዙንም መሰንጠቁንም የጨረሱ ናቸው። ከመጋዘን የሚገዛ እርጥብ ባሕር ዛፍ ግን ዛሬ ቀጥ ብሎ ከርሞ ቀስት ይሆናል። ውጪው አመድ የመሰለው ምሰሶ አንድ ጊዜ መላጊያ ሲያልፍበት ቀይ ሆኖ ይወጣል፤ ሽታውም ሰፈሩን ይሞላል። «አባባ፣ ማገዶ ነው የሚለቅሙት?» ይሉኝ ነበር። አዎ እላለሁ፤ ጣውላ ነው ካልኩ ዋጋው ይንራል።

ዘንድሮ ከዚያ ጥድ ለበረንዳው መከታ የሚሆኑ ዘንጎች አወጣሁ። ከአሮጌዎቹ ጎን ሲቆሙ ቅላታቸው ዓይን ይወጋል። ሥራ አስኪያጇ እንዲመሳሰሉ ቀለም ይቀቡ ትላለች። እኔ «ልጄ፣ ፀሐይ ታመሳስላቸዋለች፤ እስከ ፋሲካ ታገሺኝ» እላታለሁ። እስካሁን አልተስማማንም።