የኤይላት ዓሦችና ቀለማቸው

ዛሬ በእስራኤል የቀይ ባሕር ከተማ በኤይላት፣ የኮራል ዳርቻው ጥብቅ ስፍራ ውስጥ ስዋኝ ዋልሁ። ዓሣን በቀለሙ ብቻ መለየት ምን ያህል እንደሚያሳስት በዓይን ሲያዩት ያስደንቃል። በአንድ የኮራል ቋጥኝ ዙሪያ ብርቱካናማ የአንቲያስ ዓሦች ይርመሰመሳሉ፤ በመካከላቸው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ፣ ከጀርባው ክንፍ አንዷ እሾህ እንደ ክር የረዘመችለት ዓሣ ይንጎራደዳል። ሌላ ዝርያ ይመስላል፤ ነገር ግን የእነርሱው ወንድ ነው። ብርቱካናማዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ወንዱ ሲጠፋ ከመካከላቸው አንዷ ወንድ ትሆናለች!

የቀድሞ ሊቃውንት በዚህ ግራ ቢጋቡ አልፈርድባቸውም። በአልኮል የተቀመጠ ዓሣ ቀለሙ ይጠፋል፤ ስለዚህ የክንፍ እሾህና የቅርፊት ረድፍ እየቆጠሩ ነው ዝርያ የለዩት።

ከሁሉም ልቤን የሚነካው የተፈጥሮ ተመራማሪው ፔተር ፎርስኮል ነው። የዴንማርክ ንጉሥ ወደ ዓረብ ምድር ከላከው ቡድን ጋር መጥቶ የቀይ ባሕርን ዓሦች መዘገበ። የዓሣውን ቆዳ ገፍፎ፣ ልክ እንደ ዕፅዋት በወረቀት ላይ ያደርቅ ነበር። በ1763 እ.ኤ.አ. ገና በ31 ዓመቱ የመን ውስጥ ሞተ። ማስታወሻውን በ1775 ያሳተመለት ከቡድኑ በሕይወት የተረፈው ካርስተን ኒቡር ነው። እንዲህ ያለ ወዳጅ ባይኖረው ኖሮ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ በቀረ ነበር።

ዛሬ ከአጠገቤ ያለፈው ቢጫ የቢራቢሮ ዓሣ፣ ጎኑ ላይ ጥቁር ሰያፍ መስመሮች ያሉት፣ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው ከዚያ መጽሐፍ ነው። ፎርስኮል ያደረቃቸው ቆዳዎች አሁንም ኮፐንሃገን በሚገኝ ሙዚየም ተቀምጠዋል፤ ተመራማሪዎችም ያመሳክሩባቸዋል።